አትጠገብና ያልነደደው ሞፈር

«ተረት ተረት።»

«የደጋ በረት።»

በድሮ ዘመን፣ በስሜን ተራራ አናት ላይ አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ፈንታ ይባላል። አንድ ዓመት ክረምቱ ገባና አልወጣም አለ። በረዶ ጣለ። ጠጠሩን አይደለም የምላችሁ፤ እንደ ዱቄት እየተነፋ የሚወርደውን ነው። ሜዳውም ጣራውም ነጣ። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምትም አለፈ፣ ፀሐይ የለችም። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ እንደ ሞተ ዘመድ ስሟን እያነሱ አለቀሱላት።

ከዚያም እንጨቱ አለቀ፣ ኩበቱም ራሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ሞፈርና ቀንበሩን እየፈለጠ አነደደ። ሞፈር የሚሆን ዛፍ ደግሞ በዚያ ደጋ አይበቅልም፤ ከቆላ በሸክም ነው የሚመጣው።

ፈንታም መጥረቢያውን አነሳ።

ፈንታ፦ በጋው ቀርቷል፣ አንቺ ሴት። ሞፈሩን አምጪና እንሙቅበት።

አትጠገብ፦ ጌታዬ፣ የማያልፍ የለም። በጋው ሲመጣ በምን ልናርስ ነው? ይልቅ አልጋዬን ይፍለጡት።

አልጋው እናቷ የዳረቻት ዕለት የሰጠቻት ነበር። ነደደ። ሙቀጫውም ነደደ። እሷ ሞፈሩን አቅፋ መሬት ላይ ተኛች። ጎረቤቶቿም «ሞፈር ያገባች» እያሉ ሳቁባት። ልጆቼ፣ እኔ ብሆን ገና በመጀመሪያው ውርጭ «ይንደድ» ባይ ነበርኩ። እንዲህ ያለች ሴት ከየት ይገኛል።

አንድ ጠዋት ጉሙ ተገለጠና ፀሐይ ወጣች። ሕዝቡ እልል አለ፤ ወዲያውም የነደደው ሞፈር ትዝ አለው። የዘር ጊዜው አጭር ነው፣ ቆላ ደርሶ ለመመለስ አይበቃም። በመንደሩ የቀረው ሞፈር ደግሞ የአትጠገብ ብቻ ነው። የሳቁባት ሁሉ መጥተው ደጇ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ፈንታ ደረቱን ነፋ።

ፈንታ፦ መጀመሪያ የኛ ማሳ ይታረስ።

አትጠገብ፦ አይሆንም ጌታዬ። ጎረቤታችን የብርነሽ ባል የላትም፣ ልጆቿ ብዙ ናቸው። የሷ ይቅደም። የኛ መጨረሻ ይሁን።

ከዚያም ደቦ ወጡና ሞፈሩ ከማሳ ማሳ ዞረ። የሁሉም ታረሰ። የአትጠገብ ተራ ሲደርስ፣ ገና አንድ ትልም ሳይወጣ ሞፈሩ ከመሃሉ ተሰበረ። ፈንታ ራሱን ያዘና ተቀመጠ።

የብርነሽ ነጠላዋን አሸረጠችና ማሳው ውስጥ ገባች። ልጆቿ ተከተሏት፤ ከዚያም መንደሩ ተከተለ። ዶማ ያለው በዶማ፣ የሌለው በእጁ ለአትጠገብ ቆፈረላት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳው ተዘራ። በዚያ ዓመት በመንደሩ የተበላው ገብስ ሁሉ፣ ከማንም ማሳ ይታጨድ፣ የአትጠገብ ገብስ ተባለ።

ተረቴን መልሱ፤ ቆሎውን ዝገኑልኝ፣ ጠላውንም አትርሱ።