ያልተመካከሩት ምስክሮች

አንድ ዳኛ ነበር፤ ባላምባራስ ይርዳው ይባላል። ጉቦ አይበላም፣ ለዘመድ አያደላም፤ አገሩም ያከብረው ነበር። በወጣትነቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ጀምሮ በአንድ ነገር የተነሣ ተወው። ስለ ትንሣኤ የተጻፈውን ሲያነብ፣ አንዱ ወንጌላዊ በመቃብሩ ዘንድ አንድ መልአክ እንደታየ፣ ሌላው ግን ሁለት እንደታዩ ጽፎ አገኘ። መምህሩን የኔታ ልሳነወርቅን፣ «እግዚአብሔር ያጻፈው ከሆነ እንዴት ቃሉ ይለያያል?» ብሎ ጠየቃቸው። «ቆይ ልጄ፣ ቀስ ብለህ ታየዋለህ» አሉት። እርሱ ግን አልቆየም፤ መጽሐፉን ዘግቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ «ቃሉ የተለያየ ምስክር ውሸታም ነው» ማለት ልማዱ ሆነ፤ ዳኝነት ሲሾምም በዚሁ ይፈርድ ጀመር።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ሽታው የሚባል ታንኳ ቀዛፊ አንድ ነጋዴ ሲያሻግር ታንኳው ተገለበጠ። ነጋዴው ሰጠመ፤ ሽታው ተረፈ። የሟች ወንድም «ገድሎብኛል» ብሎ ከሰሰውና ሦስት ምስክሮች አቀረበ።

ሦስቱም ተራ በተራ ቀረቡ። «ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ነው። ሽታው መቅዘፊያውን አነሣ። ሁለት ጊዜ ጭንቅላቱን መታው። ከዚያ ገፈተረው» አሉ። የመጀመሪያው ከተናገረው የኋለኞቹ አንዲት ቃል አልጨመሩም፣ አላጎደሉም።

ለሽታው የቆሙት ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ የነበሩ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አትጠገብ የምትባለው፣ «ሰውየው ብድግ ሲል ታንኳው ተገለበጠ። ሽታው አንድ ጊዜ ጠልቆ ፈለገው፤ አጣው» አለች። ደብሬ የምትባለው ደግሞ፣ «ሰውየው ውኃ ሊነካ ጎንበስ ብሎ ነበር። ሽታውም ሁለት ጊዜ ነው የጠለቀው» አለች።

«አንዷ ተነሣ ትላለች፣ አንዷ ጎነበሰ ትላለች። አንዷ አንዴ፣ አንዷ ሁለቴ። የትኛችሁን ልመን?» አለ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ ሰው እንዳልገደለ ግን ሁለታችንም አይተናል» አለች ደብሬ።

ባላምባራስ ወደ ተከሳሹ ዞረ። «አንተስ? ስንት ጊዜ ጠለቅህ?»

«እኔ ራሴ አላውቀውም፣ ጌታዬ» አለ ሽታው። «የሚቆጥር ልብ አልነበረኝም።»

ይህም መልስ ጎዳው። ሽታው በስቅላት እንዲቀጣ ተፈረደ፤ ፍርዱም ተፈጸመ። ሚስቱ ያኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ሁለት ዓመት አለፈ። ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ ታሞ ለሞት ሲቃረብ ዳኛውን አስጠራው። «በዚያን ቀን ወንዙ አጠገብ አልነበርንም» አለው። «የሟች ወንድም ቤት ሦስት ቀን ተቀምጠን ነገሩን እንደ ተማሪ ቃል በቃል ቀጸልነው። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመው ነበር።»

ባላምባራስ በቀጥታ ወደ ደብሬ ሄደ። «ለምን ቃላችሁ ተለያየ?» ሲል ጠየቃት።

«አትጠገብ ከታች ነበረች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ስትጨምቅ ጩኸት ሰምታ ነው የዞረችው። እኔ ከላይ ሆኜ ከመጀመሪያው አይቻለሁ። ሰውየው መጀመሪያ ጎንበስ አለ፣ ደንግጦ ደግሞ ብድግ አለ። ሽታው ሁለተኛ ሲጠልቅ ደግሞ እርሷ ሰው ልትጠራ ሮጣ ነበር። እርሷ ያየችውን ተናገረች፣ እኔም ያየሁትን። ብንመካከርማ አንድ ቃል እንሆን ነበር።»

«ይህን ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝም፣ ጌታዬ።»

ከዚያ ወደ የኔታ ልሳነወርቅ ዘንድ ወጣ። ዓይናቸው ጠፍቶ፣ አልጋ ይዘው አገኛቸው። የሆነውን ሁሉ አጫወታቸውና፣ «እንግዲያው ያ የተውኩት መጽሐፍ እውነት እግዚአብሔር ያጻፈው ነው?» አላቸው።

«እኔ አምኜው ኖሬያለሁ፤ አምኜውም እሞታለሁ» አሉ። «የቃሉ መለያየት ግን የእግዚአብሔር ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንህም። ሐሰት ለመሆኑም አይሆንህም። ሁለት መላእክት ባሉበት አንድ አይጠፋም፤ አንዱን ብቻ የተናገረ ሌላው የለም አላለም። ደግሞም እነዚያን ወንጌላት በአንድ ያሰባሰቡ አባቶች ልዩነቱን ሳያዩት ቀርተው ይመስልሃል? ብራናውን ፍቀው አንድ ማድረግ ይችሉ ነበር። ሊያታልሉ ቢፈልጉ መጀመሪያ የሚፍቁት እርሱን ነበር።»

«ለሽታውስ ምን ላድርግ፣ የኔታ?»



ባላምባራስ ሹመቱን መለሰ። በማግስቱ ድንጋይ ተሸክሞ ከሽታው ሚስት ደጃፍ ተንበረከከ። ሴትዮዋ ልጇን አዝላ ወጣች።

«ድንጋዩን ያውርዱት» አለችው። «ይቅር ብያለሁ ማለት አልችልም። ይህች ልጅ አድጋ አባቴ ለምን ሞተ ስትለኝ የምመልስላትን ብቻ ይንገሩኝ።»



ወገኖቼ፣ ሐሰት ተመካክራ ስለምትመጣ ቃሏ አይሰናከልም። እውነት ግን ብዙ ጊዜ የምትደርሰን በየቆሙበት ሆነው ባዩ ሰዎች አፍ ነው፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይሞላዋል። የተለያየ ቃል ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ሳይመረመር ሐሰት ነው ማለት ግን ከባድ ጥፋት ነው። በቅዱስ መጽሐፍ ላይ የፈረደ ሰው ተመልሶ ሊገልጠው ይችላል። በሰው ላይ የፈረደ ግን የት ይመለሳል?

እናንተስ፣ አንዲት ጥያቄ ሳትጠይቁ የፈረዳችሁበት ማን አለ?