የአራት መቶ ሳንባ ሙግት

በአንድ ወቅት፣ ከየተራራው ድንጋይ እየተጠረበ የየከተማው መንገድ በሚነጠፍበት ጊዜ፣ ሸምበቆ በር በምትባል ከተማ አንዲት እህትና ሁለት ወንድሞች ነበሩ። የነሱን ጉዳይ ብዙ ሰው ዳኝቶት አልተቋጨም። እኔም የምነግራችሁ እናንተ ብትችሉ ብዬ ነው።

እህትየው ትርንጎ ትባላለች። እናታቸው ስታርፍ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አበጀ አሥር፣ ቢተው ደግሞ ሰባት። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ነበራት፤ ግን ዩኒቨርሲቲው ሩቅ ነው፣ ልጆቹም ገና ልጆች ናቸው። ስለዚህ እዚያው አቅራቢያ ባለ ኮሌጅ ራጅ ማንሳት ተማረችና በሸምበቆ በር ሆስፒታል ተቀጠረች። «ትንፋሽዎን ይሳቡ፤ ይያዙት፤ አሁን ይልቀቁት» እያለች በቀን አርባ ሰው እያነሳች ሁለቱን አሳደገች። አበጀ ሐኪም ሆነ፤ ኋላም ራጅና ሲቲ ስካን ማንበብ ተምሮ በትልቁ ከተማ ስሙ የሚጠራ ባለሙያ ወጣው። ቢተው ኮምፒውተር ተምሮ ከወንድሙ ጋር በአንድ ከተማ ሥራ ያዘ። ሁለቱም «እትዬ» ነው የሚሏት። እሷም ሰው ስለነሱ ሲጠይቃት ከወንድሞቼ ይልቅ «ልጆቼ» ማለት ይቀናት ነበር።

ከከተማዋ በላይ አለት ማዶ የሚባል የድንጋይ መጥረቢያ ቦታ አለ። ከዚያ የሚመጡት ጠራቢዎች እየሳሉ ራጅ ይነሳሉ፣ «ቲቢ ነው» ይባላሉ፣ ስድስት ወር መድኃኒት ይውጣሉ፤ በዓመቱ ደግሞ ከበፊቱ ከስተው ይመለሳሉ። ትርንጎ ፊልሞቻቸውን መብራት ላይ ስትሰቅል አንድ ነገር አስተዋለች። ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ጎን ከሌላው አብልጦ ይጎዳል። የጠራቢዎቹ ሳንባ ግን ግራ ቀኙ እኩል ነው፤ ከላይ በኩል ጤፍ የበተኑበት ይመስላል። ለኃላፊዋ ብትናገር «አንቺ አንሺ እንጂ አንባቢ አይደለሽም» አላት። ልክ ነው፤ የማንበብ ፈቃድ የላትም። ስለዚህ የምትችለውን አደረገች። ሆስፒታሉ አምስት ዓመት ያለፈውን ፊልም ያስወግዳል፤ እሷ የጠራቢዎቹን እየለየች በቆርቆሮ ቁም ሣጥን አስቀመጠች። በደብተርም የእያንዳንዱን ስም፣ ስንት ዓመት ድንጋይ እንደጠረበ፣ መድኃኒቱ ረድቶት እንደሆነ፣ የሞተም እንደሆነ ቀኑን ጻፈች። በአሥራ ሁለት ዓመት አራት መቶ አሥራ ሁለት ሳንባ ሰበሰበች።

አበጀ ለፋሲካ ሲመጣ ቁም ሣጥኑን ከፈተችለት። ሁለት ፊልም አየ፤ ሦስተኛውን ሲያይ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ የድንጋይ አቧራ ነው። ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ሠርቷል። የቲቢ መድኃኒት ምንም አያደርግለትም» አላት። የእረፍቱን አሥራ አራት ቀን በሙሉ ራጅ ክፍሏ ውስጥ አሳለፈ። አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ አነበበ፤ «አቧራ»፣ «ቲቢ»፣ «ሁለቱም» እያለ ለየ። አንዳንዱ ላይ ግማሽ ቀን ቆየ። ከሱ በቀር ያንን ለይቶ የሚያነብ ሐኪም በዚያ አገር አልነበረም።

ቀጥሎ ቢተው መጣ። «አንድ አበጀ ስንት ሆስፒታል ይዳረሳል? ዓይኑን ለኮምፒውተር እናስተምረው» አለ። የጠራቢዎቹን ፊልሞች፣ ለማነጻጸሪያም ድንጋይ ነክተው የማያውቁ የቲቢ በሽተኞችን ፊልም ከሆስፒታሉ ጨምሮ፣ መብራት ላይ እየዘረጋ በካሜራ አነሳቸው፤ የወንድሙን ፍርድ ከየምስሉ ጋር አያይዞ፣ ለጀማሪ ፊደል እንደሚያስቆጥሩት ለኮምፒውተሩ ሲያስቆጥር ሰባት ወር ከረመ። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ከመቶ ሳንባ ዘጠና አራቱን አቧራ ይሁን ቲቢ በትክክል ይለይ ጀመር።

ያን ዕለት ሦስቱ አብረው ምሳ በሉ። አበጀ «ጥናቱ ሲወጣ የሦስታችንም ስም አብሮ ይወጣል» አለ። ቢተው «ያንቺ መጀመሪያ ነው፣ እትዬ» አላት። ትርንጎ ወረቀት አላስፈረመችም። ማን ወንድሙን ያስፈርማል?

ከዚያ ምሳ በኋላ በአሥረኛው ወር የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣ በውጭ አገር የሳይንስ መጽሔት የወጣውን ጥናት አትሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ትርንጎ ከሰው ኋላ ቆማ ተራዋን ጠበቀች። ሁለት ስም ነበረው። ሦስተኛ ፈለገች፤ ከላይም ከታችም አጣች። እንግሊዝኛውን ቀስ እያለች ስታነብ ግን የራሷን ፊልሞች አገኘቻቸው። «ምስሎቹ የተወሰዱት በአንድ የገጠር ሆስፒታል መጋዘን ሊወገዱ ከተከማቹ አሮጌ ፊልሞች ነው» ይላል።

ሊወገዱ የሚለው ላይ ዓይኗ ቆመ። ከጎኗ የነበረች ነርስ እጇን ጨብጣ «ወንድሞችሽ አኮሩን» አለቻት። ትርንጎ «አዎ» አለች። ወደ ክፍሏ ተመልሳ የቀሩትን ዘጠኝ በሽተኞች አነሳች። ያን ቀን «ትንፋሽዎን ይሳቡ» ብላ «ይልቀቁት» ማለት እየረሳች፣ ሰዎቹ ሳንባቸው ሊፈነዳ ሲል ራሳቸው እየተነፈሱ ወጡ።

ለአበጀ ደወለች።

«ላንቺው ብዬ ነው፣ እትዬ» አላት። «ፊልሞቹን ያስቀመጥሽው ከመመሪያ ውጭ ነው። ስምሽ ቢገባ ማን ፈቀደላት ይባላል፤ ከሥራሽ ትነሻለሽ።»

«ይህን ከማተምህ በፊት ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ።»

ለቢተው ደወለች። እሱ የሚሸፍን ቃል አልፈለገም። «ስምሽን እኔ ጽፌው ነበር፤ እሱ አወጣው። ዝም አልኩ። ጥፋት ነው» አላት። ትርንጎ ከሁለቱ የትኛው እንደባሰባት አላወቀችም፤ ያወጣው ነው ወይስ እያየ ዝም ያለው? ከዚያ ወዲያ ስልካቸውን አላነሳችም። ወንድ ልጅ አሳድጋ የተከዳች እናት ታለቅሳለች፤ እሷ ግን እናታቸው እንኳ አይደለችምና በምን ስም እንደምታለቅስ ግራ ገባት።

ፕሮግራሙ በሌሎች ሦስት ከተሞች ሆስፒታሎች ሥራ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ በጭላ ሜዳ ሆስፒታል ራጅ የምታነሳ፣ በኮሌጅ አብራት የተማረች ጓደኛዋ ደወለች። «ያንቺ ወንድሞች ማሽን እዚህ ድንጋይ ጠራቢውን ሁሉ ቲቢ ነው ይላል። አንድም አቧራ አላገኘም» ብላ ምስሎቹን በስልክ ላከችላት። ትርንጎ አየቻቸው። ጤፉ ግራ ቀኙ ላይ ቁልጭ ብሎ ተበትኗል።

የታተመውን ጥናት ከሰሌዳው ላይ ነቅላ ወሰደች። ፕሮግራሙ ምስሉ ላይ የትኛውን ቦታ አይቶ እንደፈረደ በቀይ ቀለም ያሳያል፤ አንድ እንዲህ ያለ ምስል ጥናቱ ላይ ታትሟል። ቀዩ ሳንባው ላይ ፈዘዝ ብሎ አለ። ከታች በቀኝ ጥግ ግን እንደ ፍም ደምቋል። ጥጉ ላይ ምን እንዳለ ከሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጠራቢዎቹን ማጠራቀም ስትጀምር፣ ፊልሞቻቸው ከሺህ ፊልም መካከል ቶሎ እንዲገኙላት፣ ከብስክሌት ኩሽኔታ ያወጣቻትን ትንሽ የብረት ኳስ ጥጉ ላይ በፕላስተር እያጣበቀች ነበር የምታነሳቸው። ኳሷ ፊልሙ ላይ ነጭ ነጥብ ሆና ትወጣለች። ይህንንም በደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፋዋለች። ወንድሞቿ ደብተሩን ከሁለተኛው ገጽ ጀምረው ነበር የገለበጡት። ማሽኑ የተማረው ታዲያ አቧራውን ሳይሆን የሷን ነጥብ ነው። ነጥቡ ካለ «አቧራ»፣ ከሌለ «ቲቢ»። በሌላ ከተማ ደግሞ ነጥብ የሚያደርግ የለም።

ስልኳን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። «ሊወገድ የተከማቸ አሮጌ ፊልም ምን ይናገራል» አለች በልቧ። በማግስቱም አልደወለችም። በሳምንቱም እንዲሁ። ሲዋረዱ በሩቁ ለማየት ፈልጋ እንደነበር በኋላ ራሷ ተናግራለች።

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ፈንታሁን የሚባል ከጭላ ሜዳ የመጣ ድንጋይ ጠራቢ በሚስቱ ተደግፎ ራጅ ክፍሏ ገባ። ማሽኑ ቲቢ ነው ስላለ መድኃኒቱን ጀምሮ፣ ጉበቱን አስቆጥቶበት ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ሚስቱ ጣይቱ ትባላለች። «ሐኪሙ ተጠራጥሮ ነበር። ግን ማሽኑ ተማምኖ ሲናገር እሱም ተወው» አለቻት። ትርንጎ ሰውየውን አነሳችው። ከዚያ ለኃላፊዋ ሁሉንም ነግራ፣ ደብተሩን ይዛ በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ትልቁ ከተማ አበጀ ቢሮ ስትደርስ ቢተውም እዚያው ነበር። ሰላም አላለቻቸውም። የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አነበቡት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አላት ቢተው።

«ሃያ ሦስት ቀኔ ነው።»



ቢተው በዚያው ሰዓት ፕሮግራሙን በሦስቱም ሆስፒታሎች አስቆመ፤ እየደወለም «ስህተቱ የኔ ነው፣ ያያችሁትን በሽተኛ ሁሉ መልሳችሁ እዩ» አለ። ከየምስሉ ጥጉን ቆርጦ ከሌሎች ከተሞች የመጣ አዲስ ፊልም ጨምሮ እንደገና ከሀ አስጀመረው። አበጀ ለመጽሔቱ በገዛ ስሙ ጽፎ ጥናቱን አሰረዘ፤ በዚህም ሊሾምበት የነበረው ወንበር ለሌላ ሰጡት። ተቀምጦም ሺህ አንድ መቶ ሳንባ ከመጀመሪያው አነበበ። ትርንጎ ደግሞ ሦስቱን ከተሞች ዞራ፣ በማሽኑ ቃል መድኃኒት የጀመሩትን በየቤታቸው ፈልጋ ወደየሆስፒታላቸው መለሰች። ፈንታሁን መድኃኒቱ ቆሞለት ዓይኑ ጠራ፤ ሳንባው ግን እንደነበረ ነው።

በዓመቱ ፕሮግራሙ በእውነት አቧራን ከቲቢ የሚለይ ሆነ። አዲሱ ጥናት በሦስት ስም ወጣ፤ የትርንጎም መጀመሪያ ነበር። ይሁን እንጂ ሦስቱ በአንድ ማዕድ አልተቀመጡም።

ከዚያ አንድ የእርዳታ ድርጅት የራጅ ማሽን የተገጠመለት መኪና ለሦስቱ ሰጠ። መኪናው አንድ ነው፤ ደብዳቤውም «በኃላፊነት የሚረከበውና የሚሠራበትን ቦታ የሚወስነው አንድ ሰው ይሁን» ይላል። ሦስቱ መስማማት ሲያቅታቸው ነገሩን ለአለት ማዶ ጠራቢዎች ሰጡ፤ ሳንባው የነሱ ነውና። ጠራቢዎቹ በእሑድ ቀን ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ሰብሳቢያቸው አያ ስንሻው ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ድንጋይ የጠረቡ፣ ሦስት ቃል ተናግረው አንዴ የሚያርፉ ሽማግሌ።

አበጀ ተነሳ። «ፊልሙ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ማንንም አላዳነም። ከማይረዳ መድኃኒት የዳናችሁት በሽታው ስሙ ሲታወቅ ነው፤ ስሙን ያወቅሁት እኔ ነኝ። እህቴን በድያለሁ፤ አልክድም። መኪናው ግን እኔ ጋ ቢሆን በየዓመቱ ሃያ ሐኪም አሠለጥንበታለሁ» አለ።

ቢተው ተነሳ። «አበጀ ያወቀው በአንድ አበጀ ራስ ውስጥ ይቀር ነበር። በየከተማው ያደረስኩት እኔ ነኝ። ስህተቱንም ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ በሰዓቱም አስቁሜዋለሁ። እኔ ጋ ከሆነ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ጠራቢ ባለበት ሁሉ ይዞራል» አለ።

ትርንጎ ተነሳች። «ማንም ሳያያችሁ ያየኋችሁ እኔ ነኝ። የሞቱትን በስማቸው ጽፌ ያኖርኩ እኔ ነኝ። እኔ ጋ ከሆነ እዚሁ እናንተ ዘንድ ይቆማል፤ ከአለት ማዶ አይወጣም» አለች።

ከጭላ ሜዳ ከባሏ ጋር መጥታ የነበረችው ጣይቱ እጇን አወጣች። «ወንድሞቿ ያጠፉት ሳያውቁ ነው። እሷ እያወቀች ነው ሃያ ሦስት ቀን የቆየች» አለች።

«እውነት ነው» አለች ትርንጎ።

ከጠራቢዎቹ አንዱ ተነሳ። «ስሟን ባይፍቁባት ያን ቀን በደወለች። የሃያ ሦስቱን ቀን ዕዳ በማን ላይ ነው የምንጽፈው?» አለ። ሌላው ግን «የተበደለ ሰው በሌላው ሳንባ ላይ አይበቀልም» ሲል መለሰለት። ሦስተኛው ደግሞ፣ መኪናው አለት ማዶ ከቀረ የጭላ ሜዳ ሰው ምን ይሆናል አለ። ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ተከራከሩ። ለትርንጎ የቆሙ ነበሩ፣ ለአበጀ የቆሙ ነበሩ፣ ለቢተው የቆሙ ነበሩ፤ ከሦስቱ የማንም አልበለጠም። አያ ስንሻው ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ቁልፉ እኔ ጋ ይደር» ብለው ጉባኤውን በተኑት።

መኪናው እስካሁን ሆስፒታሉ ግቢ ቆሟል። ጠራቢዎቹም እየሳሉ ናቸው፤ ብዙ ሊጠብቁ አይችሉም። እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ፦ አይታ ላኖረችው፣ አንብቦ ለለየው ወይስ አስተምሮ ላዳረሰው፣ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?