ቀጠሮ ወዳዱ ንጉሥ

አንድ ንጉሥ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ታሪኩን የሚያሳፍር ያደረገውም ይኸው ነው። አገሩ ለሁለት ተከፍላ ነበር። የደጋው መኳንንት እርሻቸውን የሚያሳርሱት በባሪያ ነው፤ «ባሪያችንን የነካ ዓይናችንን ነካ» ይላሉ። የቆላው ሰው ደግሞ «ሰው እንዴት እንደ በሬ ይሸጣል?» እያለ ያመለጠውን ሁሉ ያስጠጋል። ሁለቱም እሳትና ጭድ ሆነው የንጉሡን አፍ ይጠብቁ ነበር። ንጉሡ እውነቱ ከቆላዎቹ ጋር እንደሆነ በልቡ ያውቃል። ልቡ ያወቀውን ግን አፉ ተናግሮት አያውቅም።

አንድ ቀን ግራዝማች ደባልቄ የተባለ የደጋ ባለርስት ቆላ ገበያ መሐል አንድ የጠፋበትን ባሪያ አየና «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። ባሪያው ፈንታ ይባላል። ሮጦ ማምለጥ ይችል ነበር። ነገር ግን በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ውሃም ይቆማል፤ እሱም ሕጉን አምኖ ቆመ። ሁለቱ ተያይዘው ከንጉሡ ችሎት ቀረቡ።

«ጃንሆይ፣ ይህ ሰው በአባቴ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ ይመለስልኝ» አለ ግራዝማች።

«ጃንሆይ፣ እኔስ ሸሽቼ ወጥቻለሁ» አለ ፈንታ። «የሰባት ዓመት ልጄ ጥሩዬ ግን ከቤቱ ቀርታለች። እናት የላትም። እኔን ሰው ነህ ካሉኝ እሷም ሰው ናት። ይፍረዱልኝና ልጄን ይዤ ልሂድ።»

ንጉሡ ግራና ቀኙን ቃኘ። በቀኝ የደጋ መኳንንት ጎራዴያቸውን ታጥቀው ቆመዋል፤ በግራ የቆላ ሽማግሌዎች አፍጥጠው ያዩታል። ለፈንታ ቢፈርድ ደጋው ሊሸፍት ነው፤ ለግራዝማች ቢፈርድ ቆላው ሊነሣ ነው። ንጉሡም «ነገሩ ከባድ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ቅረቡ» አለ።

በዚያ አገር ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ፣ አንዱ እንዳይጠፋ፣ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ። የፈንታ ቀኝ እጅ ከግራዝማች ግራ እጅ ጋር ታሰረ።

ክረምቱ ወጣ። ንጉሡ «አዝመራው ይሰብሰብ» አለ። አዝመራው ተሰበሰበ። «ጾሙ ይፈታ» አለ። ጾሙ ተፈታ፤ ሌላ ክረምት መጣ። አማካሪዎቹ «ጃንሆይ፣ ትዕግሥትዎ ነው አገር ያቆመው» ይሉታል። እሱም ቀጠሮ በሰጠ ቁጥር «ተመስገን፣ ዛሬም አገሬን አዳንኳት» እያለ ወደ ግብር ማዕዱ ይገባል። ነገር ማሳደርን ከጥበብ ቆጠረው። እንዲህ ያለውን ጥበብ ለጠላትም አይስጥ!

ቁራኞቹ በበኩላቸው የከተማው መሣቂያ ሆኑ። መጀመሪያ ግራዝማች ፊት ፊት እየሄደ ፈንታን ይጎትተው ነበር፤ በጎተተው ቁጥር ግን ብረቱ የራሱንም እጅ ላጠው። ወር ሳይሞላ ጎን ለጎን መሄድ ተማረ። ምግብ ሲቀርብ ደግሞ ፈንታ ሊጎርስ ቀኝ እጁን ሲያነሣ የግራዝማች ግራ እጅ አብሮ ወደ ፈንታ አፍ ይሄዳል። ያየ ሁሉ «ኧረ ጌታው ባሪያውን ያጎርሳል!» እያለ በሳቅ ይንፈራፈራል። ንጉሡም አንድ ቀን ከሰገነቱ ሆኖ አያቸውና እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

በሦስተኛው ዓመት እንደገና ቀረቡ። ንጉሡ ቀጣዩን ቀጠሮ በሆዱ አዘጋጅቶ ነበር። አፉን ሳይከፍት ግራዝማች ጎንበስ ብሎ «ጃንሆይ፣ ክሴን ትቻለሁ። ይህ ሰው ነፃ ነው። ይፍቱን» አለ።

ንጉሡ ደስ አለው። ይበልጥ ያስደሰተው ግን ሳይፈርድ መገላገሉ ነው። «አያችሁ? ነገር ሲያድር እንዲህ ራሱን ይፈታል!» ብሎ ወደ አማካሪዎቹ ዞረ። ሰንሰለቱ ተፈታ። ፈንታ ግን ፊቱ አልተፈታም።

«ምነው አንተ፣ ነፃ ወጥተህ ደስ አይልህም?»

«ልጄ ተሸጣለች፣ ጃንሆይ።»

«ማነው የሸጣት?» አለ ንጉሡ።

ግራዝማች ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «ወንድሜ ነው። ‹ፍርዱ ወደ እነሱ ሳያጋድል እንሽጣት› ብሎ ባለፈው ቀጠሮ ማግስት ለባሕር ማዶ ነጋዴ ሰጣት። እኔ የለሁበትም አልልም፤ ድሮ ቢሆን እኔም አደርገው ነበር። ግን ወሬው ሲደርሰን እጄ ከእጁ ጋር ታስሮ ነበር። ሦስት ቀን አለቀሰ። እሱ ሲንሰቀሰቅ ሰንሰለቱ የኔን እጅ ያንቀጠቅጠዋል፤ እጄን ላስቆመው ብል እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ‹ይህ ገንዘቤ ነው› ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

ንጉሡም «እኔ እኮ… አገር እንዳይፈርስ ብዬ ነው» አለ።

«ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ነው፤ አልከስዎትም» አለ ፈንታ። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። መጀመሪያ የቀረብን ዕለት እውነቱ ከማን ጋር እንደሆነ አያውቁም ነበር?»

ንጉሡ መዋሸት ይችል ነበር። ሁሉም ያየዋል።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ያን ዕለት ልጄ ከዚህ የሁለት ቀን መንገድ ላይ ነበረች» አለ ፈንታ፤ እጅ ሳይነሣም ወጣ። ሊያስቆመው የደፈረ አልነበረም።

ንጉሡ በዚያው ቀን «ከዛሬ ጀምሮ በግዛቴ ሰው አይሸጥም፣ አይገዛም!» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ወደ ባሕሩ በር ፈረሰኞች ላከ፤ መርከቡ ከሄደ ሰንብቶ ነበርና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ደጋውም እንደተፈራው ሸፈተ። ብዙ ሰው አልቆ ንጉሡ አሸነፈ። ሦስት ዓመት የተሸሸው ጦርነት አልቀረም፤ ልጅቱ ግን ቀረች።

በድሉ ግብር ላይ አዝማሪው «ባሪያ ነፃ አውጪው!» እያለ ሲያሞግሰው ንጉሡ ፊቱን በሸማው ሸፈነ። «ተው ልጄ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የኔ ነገር» አለው። በማግስቱ አጃቢ ሳያስከትል ቆላ ወርዶ ከፈንታ ደጃፍ ድንጋይ ተሸክሞ ቆመ፤ የተራ ሰው የይቅርታ ልማድ ነው።

«ይቅር በለኝ» አለው።

ፈንታ ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደለት። ውሃም ሰጠው። ከዚያም «ጃንሆይ፣ ይህ ይቅርታ የኔ አይደለም፤ የጥሩዬ ነው። ሲያገኟት እሷን ይጠይቋት» አለው።

ወዳጆቼ፣ ይህ ንጉሥ የበደለው ባለማወቅ ቢሆን ኖሮ ጸጸቱ በቀለለለት ነበር። እያወቀ «ይደር» አለ፤ ያሳደረው ነገር ግን በሌላ ሰው ልጅ ላይ አደረ። የሚፈራውን ሁለት ወገን ሲያባብል፣ በደጁ የቆመውን የማይፈራውን ሰው ረሳ። እውነትን አውቆ ማቆየት ለሐሰት መፍረድ ነው፤ የዘገየ አዋጅም የሄደን መርከብ አይመልስም።

እኔ ራሴ ይህን ስጽፍ አንድ «ይደር» ያልኩት ሰው ትዝ ብሎኝ አፍሬያለሁ። እናንተስ? እውነቱን እያወቃችሁ ያሳደራችሁት የማንን ጉዳይ ነው? ያ ሰው እናንተን ሲጠብቅ ምን እያጣ ይሆን?