አያ ጅቦና የነሐስ ምድጃዋ ጭረት

አንድ ጊዜ፣ አያ አንበሶ የመንጋጋ ጥርሶቹ ረግፈው ጥሬ ሥጋ ማኘክ ባቃተው ዘመን፣ አዋጅ አስነገረ። ነገ ማታ በየቤታችሁ እዞራለሁ፤ ሥጋ አለስልሶ ቀቅሎ ያበላኝን የጓዳዬ ሹም አደርገዋለሁ፤ ከማዕዴ የሚተርፈውም አጥንት ዕድሜ ልኩን የእሱ ይሆናል አለ።

ከዚህ ሁሉ አዋጅ አያ ጅቦ ጆሮ የገባችው «አጥንት» የምትለዋ ብቻ ናት። እሷኑ ይዞ እያሽካካ ወደ ቤቱ ሮጠ።

እውነትም ከማንም የተሻለ ዕድል ነበረው። ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለው የሰነበቱ መንገደኞች ረስተዋት የሄዱትን አሮጌ የነሐስ ምድጃ ያገኘው እሱ ነው። ሆዷ ውስጥ ላምባ ተሞልቶ፣ በጎኗ ባለችው ፓምፕ አየር ሲገባላት፣ እያፏጨች ሰማያዊ እሳት ትተፋለች። ሌላው አውሬ በጭስ ዓይኑ ሲያነባ የአያ ጅቦ ሥጋ ቶሎ ይበስላል።

ቀበሮ ይህን ያውቃል። ሹመቱን እሱም ቋምጦለታል፤ ያለው ግን ጥላሸት የጠገበ የሸክላ ድስት ነው። በማግስቱ በጠዋት መጣና ምድጃዋን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

«አያ ጅቦ፣ ይቺ ሆዷ ላይ ያለችው ጭረት ምንድን ናት?»

«የቷ?»

«ተዋት፣ እኔ ምን አገባኝ። አያ አንበሶ ግን በተጫረ ዕቃ ሊያበላኝ ነው፣ ንቆኛል እንዳይልህ ፈራሁልህ።»

አያ ጅቦ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምድጃዋ ጭረት እንዳላት አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከጭረቷ በቀር ሌላ ነገር ማየት አልቻለም።

መንገደኞቹ ሲወለውሏት ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ አይቷቸው ነበር። የተነፋ አመድ በሎሚ ጭማቂ ለውሰው፣ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ አድርገው ያሿታል፤ ጠለቅ ያለውን ጭረት ግን እንዳለ ይተዉታል። አያ ጅቦ ያን ጊዜ ዓይኑ የተተከለው ድስታቸው ላይ ስለነበር የሚያስታውሰው መታሸቷን ብቻ ነው። ወንዝ ወርዶ ሸካራ አሸዋ ዘገነና ያለ የሌለ ጉልበቱን አወረደባት።

ጭረቷ ጠፋች። በምትኩ ጎኗ ሁሉ ድመት የቧጨረው መሰለ። እሱን ለማጥፋት እንደገና አሸ፤ ባሸ ቁጥር ሌላ ጭረት ወጣ፤ ሌላውን ሲያሳድድ ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ሚስቱ እመት ጅቢት ጥሬውን ሥጋ ታቅፋ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ አያ አንበሶ የሚበላው ሥጋውን ነው ወይስ ምድጃዋን?»

ስለ ክብር የምታውቂው ነገር የለም ብሎ መለሳት። ደግማ መጣች፤ ደግሞ መለሳት። አመሻሹ ላይ አሸዋውን ትቶ በአመድ ሲወለውላት ምድጃዋ ወርቅ መሰለች። አያ ጅቦ በደስታ ጨፈረ። ነሐሷ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መሳሳቷን ግን ልብ አላለም።

አያ አንበሶ ደረሰ። አያ ጅቦ ከሥጋው በፊት ምድጃዋን አቀረበ። ንጉሡ ጎንበስ ብሎ ቢያይ የጎደጎደ ጉንጩንና ባዶ ድዱን አየባት። ታበራለች፣ አሁን እራቴን አምጣ አለ። አያ ጅቦ ላምባውን ሞልቶ አየሩን መግፋት ሲጀምር የሳሳው ጎኗ ተተረተረ፤ ላምባው ጥሬ ሥጋው ላይ ፈሰሰ።

አያ ጅቦ መላ ቢያጣ ምድጃዋን ከፍ አድርጎ ያዛት።

«ጌታዬ፣ እስቲ ፊትዎን ይዩባት። አንዲት ጭረት የላትም።»

«ፊቴንማ አውቀዋለሁ» አለ አያ አንበሶ። «ያላየሁት እራቴን ነው።»

ወዲያው ከቀበሮ ቤት የተቀቀለ ሥጋ ሽታ መጣ። ንጉሡ ወደዚያው ሄደ፤ ምድጃዋን ይዘህ ተከተለኝ ብሎ አያ ጅቦንም አዘዘው። ከጥቁሯ የሸክላ ድስት ሥጋው እንደ ቅቤ ለስልሶ ወጣ፤ ሹመቱም የቀበሮ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያ አንበሶ ሲበላ ጺሙን የሚያይባትን ያቺን ምድጃ ይዞ የሚቆመው አያ ጅቦ ነው። ቀበሮ ትላልቆቹን አጥንቶች መስበር እንኳ አይችልም፤ ቢሆንም ጓሮው ይከምራቸዋል። አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ክምሩ ሲያድግ በሚያብረቀርቀው ነሐስ ውስጥ ያያል።

ከዚህ የምንማረው፣ በአንዲት ጭረት አፍሮ ሥራውን የረሳ ሰው በመጨረሻ የገዛ ረሃቡን የሚያይበት መስታወት ይዞ እንደሚቀር ነው።