በሩን የደፈነው ቀበሮ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከሁሉ በፊት በር ምን እንደሆነ እንስማማ። በር ማለት የቤቱ ባለቤት የሚገባበትና የሚወጣበት ክፍት ቦታ ነው። ሳንቃ ቢኖረው በር ነው፤ ሳንቃ ባይኖረውም በር ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

በድሮ ዘመን፣ በረዶ በሚጥልበት ተራራ ላይ አንድ ሰፈር ነበር። ሰባት ቤት፣ ሰባት በርና አንድ መንገድ ነበረው። ከሰባቱ ቤት በአንዱ ፍልፈል ትኖር ነበር። ፍልፈል ዓይኗ ደካማ፣ አፍንጫዋ ስል ነበር፤ ግትርነቷ ደግሞ ልክ አልነበረውም። ከእሷ ማዶ ቀበሮ ይኖር ነበር። ቀበሮ ብልጥ ነበር። ብልጥ መሆኑንም ለሰፈሩ ሁሉ የሚናገረው ራሱ ነበር።

ክረምት በገባ ቁጥር በረዶው መንገዱን ይዘጋዋል። መንገዱ ሲዘጋ ምንጭ መውረድ የለም፣ ጎረቤት መጠየቅ የለም፣ አደን መውጣት የለም። ስለዚህ ሰፈርተኛው ማኅበር አቆመ። እንደ ፍልፈል የሚቆፍር ስለሌለ በረዶውን እሷ እንድትጠርግ ተስማሙ። ነገር ግን በረዶ ስትጠርግ የምትውል ፍልፈል፣ ሥራ ሥር ስትፈልግ አትውልም። የምታበላቸው ሦስት ልጆችም አሏት። እናም እንዲህ የሚል ደንብ ወጣ፦ «በር ያለው ጎረቤት ሁሉ ክረምት ሳይገባ አንድ እንቅብ ሥራ ሥር ለፍልፈል ይሰጣል፤ ፍልፈልም እስከ በሩ ድረስ ትጠርግለታለች።»

ስድስት ጎረቤት፣ ስድስት እንቅብ። ስድስት እንቅብ ፍልፈልን ከነልጆቿ ክረምቱን ያሻግራታል። አምስት ከሆነ ግን አያሻግራትም።

ያን ዓመት አምስቱ ሰጡ። ቀበሮ አልሰጠም።

ፍልፈል ሄደች።

«አያ ቀበሮ፣ ደህና ዋልክ? እንቅቡን ልወስድ ነበር።»

«እትዬ ፍልፈል! እንዴት ዋሉ? ዘንድሮ እኮ በረዶ አይጥልም። ሰማዩን አላዩትም?»

«ሰማይ እንኳ አይታየኝም። ሥራ ሥር ግን ይሸተኛል። አልጋህ አጠገብ አንድ እንቅብ ሙሉ አለ።»

ቀበሮ ሳቀ። «ነገ ይምጡ» አላት።

አፍንጫዋ አልተሳሳተም። ቀበሮ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ቆፍሮ እንቅቡን ሞልቶት ነበር። ሞልቶ ሲያየው ግን አሳሳው። ቀበሮ ሥራ ሥር አይበላም፤ የማይበላውንም ቢሆን መስጠት ከበደው።

ፍልፈል በማግስቱ ሄደች።

«አያ ቀበሮ፣ እንቅቡን።»

«አይ እትዬ! እኔ እኮ መንገዱን አልረግጠውም። ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልኩ ነው የምሄደው።»

«ጠዋት ከምንጭ ስትመለስ በመንገዱ ነው የመጣኸው። ሽታህ እስካሁን አለ።»

«ነገ ይምጡ» አላት።

ፍልፈል በሦስተኛውም ቀን ሄደች። በሩን በአፍንጫዋ ፈለገችው፤ አጣችው። በሩ በነበረበት ቦታ ድንጋይና እርጥብ ጭቃ ብቻ ነበር። ከበላዩ ቋጥኝ ላይ ቀበሮ ተቀምጧል።

«ምን ይፈልጋሉ እትዬ? ደንቡ የሚለው በር ያለው ይስጥ ነው። እኔ በር የለኝም።»

«ታዲያ በምን ትገባለህ?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

ከቤቱ ጀርባ ቋጥኙ ላይ ጠባብ ስንጥቅ ነበረች። ጎኑን እየላጠችውም ቢሆን ታስገባዋለች።

ፍልፈል ወደ ማኅበሩ ዳኛ፣ ወደ ሽማግሌው ጭላዳ ሄደች። ዳኛ ጭላዳ ደረቱን ሲያክ ቆየና፣ «በሩን ደፍኖታል ነው የምትይው? ከደፈነው እንግዲህ በር የለውም። ደንቡን ያወጣነው እኛው ነን፤ ምን ይደረግ?» አለ።

ስትመለስ ከጥንቸልና ከጃርት ደጅ አዲስ የተነቀለ ድንጋይ ሸተታት።

«ጥንቸሊት፣ ድንጋዩ ለምንሽ ነው?»

«ኧረ ለምንም፣ እትዬ! የዘንድሮውን ሰጥተን የለ? ለከርሞ ነው። አያ ቀበሮ እንዴት እንደሚከርም አይተን ...» አለችና ወደ ቤቷ ገባች።

ፍልፈል ገባት። ዘንድሮ አምስት እንቅብ፤ ለከርሞ ሦስት፤ ከዚያ በኋላ ባዶ። ከዚያማ ልጆቿን ይዛ ከተራራው መውረድ ነው።

«እማ፣ እንሄዳለን?» አሏት ልጆቿ።

«የትም አንሄድም። በደንቡ ነው ያለው አይደል? በደንቡ ይሁንለታ።»

ክረምቱ ገባ። በረዶው በመጀመሪያው ቀን እስከ ጭላዳ ጉልበት ደረሰ፤ በሁለተኛው እስከ ወገቡ፤ በሦስተኛው እስከ ደረቱ። ፍልፈል ቆፈረች። ጥርሷ እስኪደነዝዝ ቆፈረች። እስከ ጭላዳ በር ጠረገች፣ እስከ ጥንቸል በር ጠረገች፣ እስከ ጃርት በር ጠረገች፤ የቀሩትን ሁለቱንም አዳረሰች። ከቀበሮ ግድግዳ ፊት ስትደርስ ግን ዞራ ተመለሰች።

በአራተኛው ቀን ከበረዶው ሥር ድምፅ ሰማች።

«እትዬ ፍልፈል! ኧረ እትዬ ፍልፈልዬ!»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ቀበሮ! ስንጥቋ ተዘጋችብኝ! በረሃብ መሞቴ ነው!»

«አጠገብህ አንድ እንቅብ ሙሉ ምግብ አለ እኮ።»

«ሥራ ሥር እኮ ነው!»

«እኔም እሱን ነው የምልህ።»

«እባክዎ እትዬ፣ በሬ ድረስ ይጥረጉልኝ!»

«ምን ከፋኝ፤ ግን በር የለህም። የነገርከኝ አንተው ነህ።»

«አለኝ!»

«አልሰማሁህም።»

«በር አለኝ!»

«ቆይ፣ ጎረቤትም ይስማ።» ዳኛ ጭላዳን ጠራች፣ ጥንቸልን ጠራች፣ ጃርትን ጠራች። መጥተው ቆሙ።

«በር አለኝ! ስሙኝ ጎረቤቶች፣ በር አለኝ!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ።

«እንግዲያው ክፈተው» አለ ዳኛው።

ቀበሮ ግድግዳውን ከውስጥ ይቧጥጥ ጀመር። ከጠዋት እስከ ማታ ቧጠጠ። ግድግዳውን አሳምሮ ነበር የሠራው። በመጨረሻ ቀዳዳ ከፈተ፤ በቀዳዳውም ከራሱ በፊት እንቅቡን ወደ በረዶው ገፋ። ፍልፈል አሸተተችው፤ ሙሉ ነው። ከዚያ በረዶውን ጠርጋ አወጣችው።

ዳኛ ጭላዳ ግን አልጨረሰም። «በስንጥቋ ትገባ ነበር?»

«እገባ ነበር።»

«ትወጣስ?»

ቀበሮ የሚዋሽበት አቅም አልነበረውም። «እወጣ ነበር።»

«ስለዚህ እሷም በር ናት» አለ ዳኛው። በር ምን እንደሆነ ቀድመን ተስማምተን የለ? ቀበሮ በየዓመቱ የሁለት በር እንዲሰጥ ተፈረደበት። የዚያን ዓመቱን ሁለተኛ እንቅብ ከበረዶው ሥር ራሱ ቆፍሮ ሞላ።

ልጆች፣ የዚህ ተረት ትምህርት ይህ ነው፦ ሁላችሁም ለምትሄዱበት መንገድ ድርሻችሁን ስጡ፤ ከድርሻችሁ ለማምለጥ ብልሃት አትፈልጉ፤ ብልሃቱ እናንተኑ ውስጥ ዘግቶ ያስቀራችኋል።

ጥንቸልና ጃርት ድንጋያቸውን ወዳነሱበት መለሱ። ለከርሞው ቀበሮ ማንም ሳይጠይቀው፣ ከሁሉም ቀድሞ፣ ሁለት እንቅብ ሙሉ አመጣ። ያን ዓመት በረዶ አልጣለም። ፍልፈል እንቅቦቹን አልመለሰችም።