በጓደኛዋ ጉልበት የቀናችው መነኩሲት

ስሟን ለሚጠሩ ሁሉ ቅርብ የሆነች እመቤታችን ማርያም ለአንዲት ቀናተኛ ባሪያዋ ያደረገችውን ስሙ፤ ጸሎቷ በዚህ ለተሰበሰብን ሁሉ ይድረሰን፤ አሜን።

በአንድ ተራራ ገዳም እማሆይ ወለተ ጽዮን የምትባል አሮጊት ነበረች፤ በየማለዳው በእመቤታችን ሥዕል ፊት ልትሰግድ በወጣትነቷ ተስላ ነበርና አስታጉላ አታውቅም። በእርጅናዋ ግን ጉልበቷ ከዳት፤ ለመስገድ ከተደፋች መነሣት አቃታት፤ ስእለቷ እንዳይፈርስም እጅግ ፈራች። ማለዳ ማለዳም «እኔስ አበቃልኝ፤ ዛሬስ ውሰጂኝ» እያለች ታማርር ነበር።

በጎረቤቷም ጎጆ በዕድሜ የምትበልጣት እማሆይ ኅሪተ ማርያም ነበረች፤ እርስዋም ወገቧ ጎብጦ ሳለ «ትናንት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደርሻለሁ፤ ዛሬ ደግሞ እመቤቴ ታስገባኛለች» ትልና እየሣቀች ትሄዳለች፤ ትሰግዳለች፤ ትነሣለችም። ወለተ ጽዮን ይህን ባየች ቁጥር ጥርስ ቢኖራት ኖሮ ታፋጭ ነበር። ሥጋ ያረጃል እንጂ ቅናት መቼ ያረጃል!

ከዚያም «ይህን ጉልበት የሚሰጣት አንድ ባሕታዊ የባረከላት መቋሚያ ነው» ብላ በልቧ አሰበችና፣ ኅሪተ ማርያም መቋሚያዋን ከግድግዳው አስጠግታ በግንባሯ ተደፍታ ስትሰግድ አንሥታ ወጣች። እርሱን ተመርኩዛ ከገዳሙ በታች ወዳለው ጸበል ቁልቁለቱን ስትወርድ ግን እግሯ ተብረከረከና ወደቀች፤ መቋሚያውም ተንከባልሎ ገደል ገባ፤ ብትጣራም የሚሰማት አልነበረም። በዚያን ጊዜ መሪር ልቅሶ አለቀሰችና «እመቤቴ ሆይ፣ የሰው በረከት ሰርቄ ወደቅሁ፤ እንግዲህ ውሰጂኝ አልልሽም፤ አንሺኝ» አለች።

እመቤታችንም በብርሃን ተገለጠችላትና «ሞትን ዘወትር ለመንሽኝ፤ ጉልበትን ግን መቼ ለመንሽኝ?» አለቻት፤ እጇንም ይዛ አነሣቻት፤ ያን ጊዜ ጉልበቷ ጸና።

ወለተ ጽዮንም ወደ ላይ ስትመለስ ኅሪተ ማርያምን አገኘቻት፤ ያለ ምርኩዝ፣ የዛፍ ሥር እየያዘች፣ በቂጧ እየተንፏቀቀች ልትፈልጋት ትወርድ ነበር። ወለተ ጽዮን ከእግሯ ሥር ተደፍታ ኃጢአቷን ነገረቻት። ኅሪተ ማርያምም «ከስግደት ቀና ስል አይቼሻለሁ፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ብትቸገሪ ነው ብዬ ዝም አልሁ» አለቻት።

ወለተ ጽዮንም ጀርባዋን ሰጥታ ያቺን የቀናችባትን አሮጊት አዘለቻትና ዳገቱን ይዛት ወጣች። መነኮሳቱም አይተው ተደነቁ፤ እግዚአብሔርንም አመሰገኑ።

ወለተ ጽዮንን ከወደቀችበት ያነሣች እመቤት የእኛንም ጉልበት ለስግደት፣ ልባችንን ለተስፋ ታጽናልን፤ በሌላው ጸጋ ከመቃጠልም ትሰውረን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።