አያ ጅቦ ሳሙና ያሸገ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ፋብሪካ ተቀጥረው በሚውሉበት ዘመን፣ አያ አንበሶ የሳሙና ፋብሪካ ከፈተ። ሠራተኛውን የሚያዝለት ካቦ ሲፈልግ ማንን አገኘ በሉኝ? አያ ጅቦን! ለሳሙናው ሞራ በሚቀልጥበት ቤት ጅብ ካቦ! ሳቁ ልጆች፣ ይሳቃል።

ሳሙናውን የምታሽገው ዳሊት የምትባል አህያ ነበረች። ካርቶኑ መሬት ላይ፣ ሳሙናው መሬት ላይ፤ እሷም ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ፣ አሁንም ጎንበስ። ጉልበቷ ይንቋቋል፣ አንገቷ አልዞር ብሏል፣ ወገቧማ ተቆልምሞ ቀረ።

«ጌታው ካቦ፣ ካርቶኑን የማስቀምጥበት ጠረጴዛ ቢሰጡኝ ምናለ? ወገቤ እኮ ተቆረጠ!»

«ጠረጴዛ? ነገ ደግሞ ፍራሽ በይኝ! ስንፍና ነው የያዘሽ። ቅዳሜ አያ አንበሶ ሲመጣ ቀጥ ብለሽ ካልቆምሽ ትሰናበቻለሽ!» አለና ጅቦ ምራቁን ዋጠ።

ምራቁን ለምን ዋጠ? የፋብሪካ ሠራተኛን መብላት ክልክል ነው የሚል ሕግ ነበራ! የተሰናበተች አህያ ግን... በሉ እናንተው ጨርሱት።

ሚዛን ላይ የምትሠራው እመት ቀበሮ ይህን ሰምታ ኖሮ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጅቦን ጠጋ አለችው።

«አያ ጅቦ፣ ማን ነው በጤናው ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተደፍቶ የሚውል? ዳሊት ካርቶኑ ሥር ምን የምትልስ ይመስልሃል?»

«ሞ... ሞራ?»

«እኔ አላልኩም!»

ጅቦ ሌላ አልጠየቀም። «ዞር በይ አንቺ! ዛሬ የማሽገው እኔ ነኝ!» ብሎ ዳሊትን ገፍትሮ ቦታዋን ያዘ። እሷም ግድግዳ ተደግፋ ወገቧን አሳረፈች፤ ከስንት ጊዜዋ!

ጅቦ ጎንበስ ብሎ አንድ ያሽጋል፣ አንድ ይልሳል። አንድ ያሽጋል፣ ሁለት ይልሳል። «ሞራው ከታች ነው፣ ከታች!» ይላል። ፊቱ አረፋ በአረፋ ሆነ። ባስነጠሰ ቁጥር ኳስ የሚያህል አረፋ ከአፍንጫው እየወጣ ጣራ ይመታል። ቀበሮ ሆዷን ይዛ ሚዛኑ ላይ ተንከባለለች፤ ሚዛኑም ስንት እንደምትመዝን ግራ ገባው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አያ አንበሶ ከተፍ አለ።

«ሁላችሁም ቀጥ በሉ!»

ዳሊት ጉልበቷን ቋ! ቋ! አድርጋ ቀና አለች። ጅቦ ግን እንደተጎነበሰ ቀረ!

«ካቦ፣ ቀና በል እንጂ!»

«እምቢ አለኝ ጌታዬ! የኋላዬ ተቆልፏል!»

«እንግዲያ ትሰናበታለህ።»

«ኧረ በእናትዎ! ጥፋቱ የእኔ ነው እንዴ? እንዲህ ተጎንብሶ የዋለ ማን ቀና ይላል? ጠረጴዛ እኮ የለም!»

«ጠረጴዛ የከለከለው ማን ነው?»

ዳሊት ሁለት ጆሮዋን ወደ ካቦው ቀሰረች። ጅቦም አረፋውን ዋጠ።

አንበሶ እስኪያነባ ሳቀና «በል ሂድና ራስህ ተሸክመህ አምጣ!» አለው። ጅቦ ጠረጴዛውን አዝሎ እያነከሰ መጣ። ዳሊትም ካርቶኗን ደረቷ ድረስ ከፍ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ማሸግ ጀመረች። ጅቦ ግን ይኸው እስከ ዛሬ የኋላው ዝቅ እንዳለ ቀረ፤ ሳሙና ሲሸተውማ አገር ጥሎ ነው የሚሮጠው።

ከዚህ የምንማረው፣ የሠራተኛውን የወገብ ሕመም ስንፍና ነው የሚል አለቃ አንድ ቀን በእሱ ቦታ ጎንበስ ብሎ ቢውል ጠረጴዛውን ራሱ ተሸክሞ እንደሚያመጣ ነው።